ሲንጀር፦ ስፌት መኪናን በወር በወር ክፍያ ድሃ ቤት ያስገባው ሰውዬ

ሲንጀር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ዕቃው ነው። ጥቁር ብረት፣ በወርቃማ ቀለም የተጻፈ ስም፣ ከስር የእግር መርገጫ። ግን ሲንጀር የሰው ስም ነው። ያውም ስለ ልብስ ስፌት ምንም የማያውቅ፣ ሕልሙ ሁሉ መድረክ ላይ ወጥቶ መተወን የነበረ፣ 38 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ኪሱ ባዶ የነበረ ሰው።

ዛሬ የዚህን ሰውዬ ታሪክ ይዘንላችሁ መጥተናል። ታሪኩ አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ የአንድ ቤተሰብን የወራት ገቢ የሚውጥ ዕቃ እንዴት ብሎ ገንዘብ የሌላቸው ሰዎች ቤት ገባ? መልሱ በትንሽ ብር ስፌት መኪና ገዝቼ ሥራ ልጀምር ለሚል ወጣት ዛሬም ይጠቅማል። ረዘም ስለሚል ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

▪ በ12 ዓመቱ ከቤት የወጣ ልጅ

አይዛክ ሜሪት ሲንጀር የተወለደው በኦክቶበር 1811 አሜሪካ ውስጥ፣ በኒውዮርክ ግዛት ገጠር ነው። አባቱ ከጀርመን የመጣ ስደተኛ ነበር። አይዛክ ለቤቱ ስምንተኛ ልጅ ነው። ገና 10 ዓመት ገደማ ሳለ እናትና አባቱ ተፋቱ፤ እናቱም ቤቱን ጥላ ሄደች። አባትየው ሌላ ሚስት አገባ። ልጁ ከእንጀራ እናቱ ጋር መስማማት አቃተውና በ12 ዓመቱ ከቤት ወጥቶ ወደ ታላቅ ወንድሙ ሄደ። ትምህርት ቤትም እምብዛም አልዘለቀም።

ያገኘውን ሥራ ሁሉ እየሠራ አደገ። በ19 ዓመቱ ማሽን የሚሠራ ባለሙያ ዘንድ ሙያ ለመማር ተቀጠረ። እጁ ቅልጥፍጥፍ ያለ ነበር። የብረት ሥራ ሲያሳዩት ቶሎ ይገባዋል። ግን ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ ጥሎ ወጣ። ምክንያቱ? ቲያትር።

ቁመቱ ረጅም፣ ድምፁ ጎላ ያለ፣ መልኩ የሚያምር ወጣት ነበር። ከተማ ለከተማ ከሚዞሩ የቲያትር ቡድኖች ጋር መንከራተት ጀመረ። በ1830 ካትሪን ሄሊ የምትባል ልጅ አገባ፤ ሁለት ልጆችም ወለዱ። ትዳሩ ግን አልያዘውም። ባልቲሞር ከተማ ለትያትር ሥራ በሄደበት ሜሪ አን ስፖንስለር ከምትባል ወጣት ጋር ተዋወቀ። አገባሻለሁ አላት፤ ሚስት እንዳለው ግን አልነገራትም። ይህች ሴት ወደ 25 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አብራው ኖራ 10 ልጆች ወልዳለታለች። ስሟን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

▪ 2,000 ዶላር አግኝቶ በትያትር የጨረሰው

በ1839 ከወንድሙ ጋር ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ የውሃ ቦይ ቁፋሮ ላይ ይሠራ ነበር። እዚያ ድንጋይ የሚቦረቡር ማሽን ፈለሰፈና የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ማለትም ፓተንት፣ አወጣበት። መብቱንም በ2,000 ዶላር ሸጠው። በዚያ ዘመን 2,000 ዶላር ለአንድ የቀን ሠራተኛ የብዙ ዓመት ደመወዝ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን መሬት ይገዛበት ነበር፣ ወይም ሱቅ ይከፍትበት ነበር። ሲንጀር የራሱን የቲያትር ቡድን አቋቋመበት። ሜሪ አን ጭምር ተዋናይ ሆና አምስት ዓመት ያህል አገር ላገር ዞሩ። መጨረሻ ላይ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ብሩ አለቀ፣ ቡድኑም ተበተነ። ሲንጀር ለዕለት እንጀራው የእንጨት ሥራ ድርጅት ገባ።

እዚያም እጁ አላርፍ አለው። ለማተሚያ የሚሆኑ የእንጨት ፊደላትን የሚቀርጽ ማሽን ሠራ፤ በ1849 ፓተንት አወጣበት። ማሽኑን ይዞ ኒውዮርክ ገባ። ጆርጅ ዚበር የሚባል መጻሕፍት አሳታሚ ገንዘብ አበደረው። ነገር ተስተካከለ ሲባል በፌብሩዋሪ 1850 ማሽኑ የተቀመጠበት ሕንፃ ውስጥ የእንፋሎት ቦይለር ፈነዳ። ከ60 በላይ ሰው ሞተ። የሲንጀር ማሽንም አብሮ ወደመ።

ከዚያ ቦስተን ሄዱ። ኦርሰን ፌልፕስ የሚባል ሰው ወርክሾፕ ውስጥ ቦታ ተከራዩ። ፊደል መቅረጫውን ግን ማንም አልፈለገውም። ሲንጀር በዚህ ጊዜ 38 ዓመቱ ነው፤ ብዙ ልጆች አሉት፣ ገንዘብ የለውም።

▪ ስፌት መኪናን የፈለሰፈው ሲንጀር አይደለም

እዚህ ጋ አንድ ነገር እናጥራ። ብዙ ሰው ሲንጀር የመጀመሪያውን ስፌት መኪና የሠራ ይመስለዋል። አይደለም። ከሱ በፊት ብዙዎች ሞክረዋል።

ፈረንሳዊው ባርተሌሚ ቲሞኒዬ በ1830 ፓተንት አውጥቶ ፓሪስ ውስጥ ወደ 80 የሚጠጉ መኪናዎች ይዞ የወታደር ልብስ መስፋት ጀምሮ ነበር። የከተማው ልብስ ሰፊዎች እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው ብለው ገብተው ሰባበሩበት። አሜሪካዊው ዋልተር ሃንት በ1830ዎቹ የተሻለ መኪና ሠርቶ ነበር፤ ግን ፓተንት ሳያወጣ ተወው። በእጅ እየሰፉ የሚኖሩ ሴቶች ሥራ እንዳያጡ ልጁ ስለለመነችው ነው ተብሎ ይነገራል።

ከዚያ ኤልያስ ሃው መጣ። ይህ ሰው ችግረኛ ነበር። እሱ ማሽኑን ሲሞክር ሚስቱ ልብስ እየሰፋች ቤቱን ትደጉም ነበር። በ1846 ፓተንት አወጣ። ዋናው ሐሳቡ ሁለት ክር ነው። አንዱ ክር ከላይ ቀዳዳው ጫፉ ላይ በሆነ መርፌ ይወርዳል፤ ሌላው ከስር በመወርወሪያ ያልፋል፤ ጨርቁ መሐል ላይ ይቆላለፋሉ። ሸማኔ ሲሠራ ያየ ሰው የመወርወሪያው ነገር ወዲያው ይገባዋል። እንዲህ የተሰፋ ስፌት አንድ ቦታ ቢበጠስ እንኳ ሁሉም አይተረተርም።

ችግሩ የሃው መኪና ዋጋ 300 ዶላር ገደማ ነበር። ማን ይግዛው? እንግሊዝ አገር ድረስ ሄዶ ሞከረ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች።

▪ 11 ቀን፣ 40 ዶላር

የፌልፕስ ወርክሾፕ ሌሎች ሰዎች የፈለሰፉትን ስፌት መኪና ይሠራና ይጠግን ነበር። መኪናው ቶሎ ቶሎ ስለሚበላሽ ፌልፕስ ተማሮ ነበር። ሲንጀርን እስቲ እየው አለው። ሲንጀር መጀመሪያ ላይ ነገሩን ናቀው፤ የሴት ሥራ ነው ብሎ። ገንዘብ ሊኖረው እንደሚችል ሲነግሩት ግን ቀረብ ብሎ አየው።

አይቶም ድክመቱን ለየ። መወርወሪያው በክብ ይዞራል፤ በቀጥታ ወዲያና ወዲህ ቢመላለስ ይሻላል። መርፌው ቆልመም ያለ ነው፤ ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች ቢወጋ ይሻላል። ጨርቁም ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ከላይ ተጭኖ በሚይዘው እግር ስር ቢያልፍ ቀጥታም ጠማማም መስፋት ይቻላል። ዚበር ለሥራው 40 ዶላር ሰጠ። ሦስቱም ተዋዋሉ።

ሲንጀር ቀን ከሌት ሠርቶ በ11ኛው ቀን ጨረሰ። ማታ ላይ ሲሞክሩት ግን አልሰፋም። ክሩ ቀለበት ቀለበት እየሠራ ይንጠለጠላል። ሠራተኞቹ ተስፋ ቆርጠው ሄዱ። ሲንጀርና ዚበርም ተክዘው ወደ ማደሪያቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ ቁጭ ብለው ስለ ክሩ ማውራት ጀመሩ። የላይኛውን ክር የሚያጠብቀውን ነገር ማስተካከል ረስተዋል! ተመልሰው አጠበቁት። አምስት ያህል ጥልፍ እንከን ሳይኖረው ሰፋ፤ ከዚያ ክሩ ተበጠሰ። ግን በቂ ነበር። መኪናው ይሠራል።

በኦገስት 1851 ፓተንቱን አገኘ። ይህች የክር መጥበቅና መላላት ነገር ዛሬም ስፌት መኪና ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ነገር ናት፤ ወደ ኋላ እንመጣባታለን።

▪ ዕቃው ጥሩ ነው፣ ግን ማን ይችለዋል?

የመኪናው ጥቅም በቁጥር ይታይ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ሌላ የስፌት መኪና ድርጅት ባወጣው ስሌት አንድ የወንድ ሸሚዝ በእጅ ለመስፋት ከ14 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በመኪና 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ።

ዋጋው ግን ከ100 ዶላር በላይ ነበር። የአንድ ተራ አሜሪካዊ ቤተሰብ የዓመት ገቢ ደግሞ 500 ዶላር ገደማ። ማለትም ከዓመት ገቢው ከአምስት አንድ እጅ በላይ። እስቲ በራሳችሁ አስቡት፦ የሦስት ወር ገቢያችሁን ለአንድ ዕቃ ትሰጣላችሁ? ያውም ሳትበሉ፣ የቤት ኪራይ ሳትከፍሉ።

ሌላም እንቅፋት ነበር። ሴት ልጅ ማሽን ማንቀሳቀስ አትችልም የሚል አመለካከት ነበር። እዚህ ላይ የሲንጀር የትያትር ሙያ ጠቀመው። በየገበያውና በየትርኢቱ እየዞረ መኪናውን እንደ ድራማ ያሳይ ጀመር። ኒውዮርክ ውስጥ በከፈቱት ያማረ መደብር ወጣት ሴቶች ቀጥረው አላፊ አግዳሚው እያየ እንዲሰፉ አደረጉ። ያየ ሰው አመነ። ማመን ግን መግዛት አይደለም፤ ኪሱ ባዶ ነዋ።

በዚህ መሐል ሃው ከእንግሊዝ ተመልሶ የኔን ሐሳብ ወስዳችኋል ብሎ ከሰሳቸው። ሃው አሸነፈ። በ1854 ሲንጀርና ሸሪኩ 15,000 ዶላር ከፈሉት። በ1856 ደግሞ የሃው፣ የሲንጀርና የሌሎች ሁለት ድርጅቶች ፓተንቶች አንድ ላይ እንዲያዙ ተስማሙ። እያንዳንዱ አምራች ለአንድ መኪና 15 ዶላር እየከፈለ እንዲሠራ ተወሰነ። የክስ ጋጋታው ቆመ። ግን ልብ በሉ፦ ያ 15 ዶላር መጨረሻ ላይ የሚወጣው ከገዢው ኪስ ነው። ይህ ስምምነት እስከ 1877 ዘልቋል።

▪ ጠበቃው ያመጣው ዘዴ

የሲንጀር ሸሪክ ያልነው ኤድዋርድ ክላርክ የሚባል ጠበቃ ነው። የክሱን ጣጣ ለመያዝ ገብቶ እኩል ባለድርሻ ሆነ። ሁለቱ ሰዎች እሳትና ውሃ ናቸው። ሲንጀር ጯሂ፣ ተሳዳቢ፣ ታይታ ወዳድ። ክላርክ ዝምተኛ፣ ሒሳብ አዋቂ። አይዋደዱም ነበር፤ ግን አንዱ ያለ ሌላው አይሆንለትም።

በ1856 ክላርክ አንድ ነገር አሰበ። ሰው 100 ዶላር በአንዴ ማውጣት አይችልም፤ በወር ጥቂት ዶላር ግን ይችላል። ስለዚህ 5 ዶላር ቅድሚያ ከፍለህ መኪናውን ቤትህ ውሰድ፣ የቀረውን በየወሩ ክፈል አለ። እየሰፋህ ከምታገኘው ትከፍላለህ፤ ከፍለህ ስትጨርስ ያንተ ይሆናል።

ውጤቱ? ድርጅቱ በ1855 የሸጠው 883 መኪና ነበር። በ1856 ወደ 2,564 ዘለለ። ወደ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው! በ1870 ደግሞ በዓመት ከ127,000 በላይ ሸጠ።

ክላርክ በዚህ አላቆመም። አሮጌ መኪና ላመጣ ሰው ከአዲሱ ዋጋ 50 ዶላር ይቀንስለት ጀመር፤ የተፎካካሪ ድርጅት መኪናም ቢሆን። የተመለሱትን አሮጌዎች ግን አልሸጣቸውም፤ አስወደማቸው። ያገለገለ መኪና በርካሽ ገበያ ላይ እንዳይወጣ ማለት ነው። አያችሁ ብልጠቱን? ያኔም ድርጅቱን ያሳሰበው ያገለገለ ጥሩ ዕቃ ነበር።

ይሄ ነገር ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ባሏ የሞተባት ልጆቿን የምታሳድግ ሴት በ5 ዶላር መነሻ የራሷን ሥራ ጀመረች። በሌላ በኩል ብሩን በክፍያ የወሰደ ሰው ጠቅላላ የሚያወጣው ጥሬ ገንዘብ ይዞ ከመጣው ይበልጣል። ወር ሞልቶ ካልከፈለ ደግሞ ድርጅቱ መጥቶ መኪናውን ይወስዳል። ግማሽ መንገድ ከፍላ የታመመች ሴት መኪናዋንም የከፈለችውንም ልታጣ ትችላለች። የዛሬው የዱቤ ሽያጭ ጥሩውም መጥፎውም ያኔ ነው የተጀመረው ማለት ይቻላል።

▪ አብረውት የለፉት ምን አገኙ?

እዚህ ጋ ሲንጀርን የሚያስወቅስ ነገር አለ። ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት አብረውት የነበሩት ሰዎች ገንዘቡ ሲመጣ አብረውት አልነበሩም።

ፌልፕስ፣ ወርክሾፑን የሰጠው ሰው፣ ገና በመጀመሪያው ዓመት ከሽርክናው ወጣ። ዚበር፣ ያንን 40 ዶላር ያወጣው ሰው፣ በ1851 መጨረሻ ጽኑ ታመመ። አልጋ ላይ ሳለ ድርሻውን በ6,000 ዶላር ሸጠላቸው። እንደማይድን ያሳመነው ራሱ ሲንጀር ነው ይባላል። ዚበር ግን ዳነ። የሸጠው ድርሻ በኋላ ስንት ሚሊዮን እንዳወጣ እያየ ኖረ።

ሜሪ አንስ? ያች አብራው በረሃብ የዞረች፣ ትያትር የሠራች፣ 10 ልጆች የወለደችለት ሴት? በ1860 ሲንጀር የመጀመሪያ ሚስቱን ካትሪንን ፈታ። ሜሪ አን አሁንስ ያገባኛል ብላ ጠበቀች። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ በፊፍዝ አቬኑ በጋሪ ስታልፍ ሲንጀር ከሌላ ሴት ጋር በሌላ ጋሪ ሲንሸራሸር አየችው። ጮኸች፣ ተከተለችው። ቤት ሲመለሱ ክፉኛ ደበደባት፤ እሷም ከሰሰችው፤ ታሰረ። ከዚያ ሁሉም ተገለጠ። ሲንጀር በዚያችው ከተማ በተለያየ ስም ሌሎች ቤተሰቦችም ነበሩት፤ ልጆች ጭምር።

ቅሌቱ በየጋዜጣው ወጣ። ዕቃቸውን የሚገዙት እናቶች ናቸውና ክላርክ በጣም ተናደደ። ሲንጀር አገር ጥሎ ወደ አውሮፓ ሄደ። በ1863 ሽርክናው ፈርሶ የሲንጀር ማኑፋክቸሪንግ ኩባንያ ተመሠረተ። ሁለቱም ከፍተኛውን ድርሻ እኩል ያዙ፤ ሲንጀር ግን ከዕለት ተዕለት ሥራው ወጣ። ከዚያ ወዲህ ብሩ በየዓመቱ ይመጣለታል፣ እሱ ይኖራል።

▪ የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1863 ኢዛቤላ ቦየር የተባለች ወጣት አገባ። ፓሪስ ኖሩ፤ በ1870 በፈረንሳይና በፕራሻ መካከል ጦርነት ሲነሳ ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። ፔይንተን በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ኦልድዌይ የተባለ ግዙፍ ቤት ማስገንባት ጀመረ። ውስጡ የቲያትር አዳራሽም እንዲኖረው ፈለገ። ያ የልጅነት ሕልሙ እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም።

ቤቱ ግን ሳያልቅ በጁላይ 23፣ 1875 በ63 ዓመቱ ሞተ። ከ20 በላይ ልጆች ነበሩት። የተወው ሀብት 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከካትሪን የወለደው የመጀመሪያ ልጁ ዊልያም፣ በፍቺው ጊዜ ለእናቱ ስለቆመ፣ ከዚያ ሁሉ ሀብት የደረሰው 500 ዶላር ብቻ ነው። የአንድ ተራ ቤተሰብ የዓመት ገቢ ማለት ነው።

▪ ከሱ በኋላ መኪናው ዓለምን ዞረ

ኩባንያው በ1867 ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ውስጥ ፋብሪካ ከፈተ። በ1880ዎቹ ደግሞ እዚያው አካባቢ ክላይድባንክ ላይ ግዙፍ ፋብሪካ ተከለ፤ ይህ ፋብሪካ እስከ 1980 ድረስ ሠርቷል።

ለኪስ የሚጠቅመው ትልቁ ለውጥ ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እያንዳንዱ መኪና በሠራተኛ እጅ በሞረድ እየተስተካከለ ይገጠም ነበር። የአንዱ መኪና ብረት ለሌላው አይገጥምም። ቀስ በቀስ ክፍሎቹ በማሽን እኩል እየተሠሩ መጡ። አንድ ነገር ሲሰበር ያንኑ ገዝቶ መቀየር ተቻለ። ከሲንጀር ሞዴሎች አንዱ፣ ክላስ 15 የሚባለው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን፣ ቀጥሎም በቻይናና በሕንድ በብዛት ተቀዳ። ዛሬም ገበያ ላይ የምታዩዋቸው ብዙ ጥቋቁር የእግር መኪናዎች ስማቸው ቢለያይም የዚያ ቤተሰብ ናቸው። ለዚህ ነው መርፌያቸውና ቦቢናቸው በየቦታው የሚገኘው።

እኛም አገር በየሰፈሩ በረንዳ ላይ ዩኒፎርም የሚያሳጥሩ፣ ዚፕ የሚቀይሩ ልብስ ሰፊዎቻችን ለዘመናት የኖሩት በእነዚህ መኪናዎች ነው። መብራት ቢጠፋም እግር አለ።

▪ ታዲያ በትንሽ ብር ለሚገዛ ሰው ምን ይነግረናል?

አንደኛ፣ ከስም በፊት ሥራችሁን ለዩ። ሲንጀር መኪናውን ያሳካው ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ አስተካክሎ ነው። ልብስ ማሳጠር፣ መጋረጃ፣ ዩኒፎርም፣ ቀሚስ ለመስፋት ቀጥታ ስፌት አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናል። ብዙ ዓይነት ጥልፍ ያለው ግን ቀጭን ፕላስቲክ የሆነ መኪና ከመግዛት አንድ ነገር በደንብ የሚሠራ ብረት ይሻላል። የሚለጠጥ ጨርቅ ነው የምትሰፉት ከሆነ ደግሞ ዚግዛግ ያስፈልጋችኋል፤ ያኔ ቀጥታ ስፌት ብቻ ያለውን በርካሽ መግዛት ኪሳራ ነው።

ሁለተኛ፣ ያገለገለ አትናቁ። ክላርክ አሮጌዎቹን ያስወደመው ስለማይሠሩ ብቻ አልነበረም፤ ከአዲሱ ጋር ስለሚወዳደሩ ነው። ግን ፈትሹ። የራሳችሁን ቁራጭ ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስስም ወፍራምም። መጀመሪያ ጎማውን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ የሚይዝ ወይም የሚንቋቋ ነገር ካለ ጠይቁ። ከዚያ ስፉና ጨርቁን ገልብጣችሁ እዩ። ክሩ ቀለበት ቀለበት ከሠራ ሲንጀርን በ11ኛው ሌሊት ያጋጠመው ነው፤ ብዙ ጊዜ በማስተካከል ይድናል። ሻጩ እናንተ ፊት ያስተካክለው። ማስተካከል ካቃተው ብራችሁን ኪሳችሁ አድርጉ።

ሦስተኛ፣ ከመግዛታችሁ በፊት መለዋወጫውን ጠይቁ። መርፌው፣ ቦቢኑ፣ የቦቢኑ ቤት፣ ቀበቶው በቅርባችሁ ገበያ ይገኛል? የሚጠግነው ሰው ሰፈራችሁ አለ? ርካሽ ሆኖ መለዋወጫ የሌለው መኪና ከሦስት ወር በኋላ የቤት ጌጥ ነው።

አራተኛ፣ በክፍያ ከሆነ ደምሩት። የወሩን ብቻ አትዩ። ቅድሚያውን፣ የየወሩን፣ ሁሉንም ደምራችሁ ከጥሬ ዋጋው ጋር አስተያዩ። አንድ ወር ሥራ ቢጠፋ ምን እንደሚሆን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። እኛ ጋ ደግሞ ክላርክ ያልነበረው ነገር አለ፦ እቁብ። እጣው እስኪደርሳችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ግን ወለድ የለውም፤ መኪናውንም መጥቶ የሚወስድባችሁ የለም።

አምስተኛ፣ አብሯችሁ የሚገዛ ጓደኛ ካለ ነገሩን በጽሑፍ አድርጉት። ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ሥራው ሲያድግ ማን ምን እንደሚያገኝ፣ አንዱ ቢታመም ምን እንደሚሆን። የዚበር 40 ዶላር ባይኖር ሲንጀር የሚባል መኪና አይኖርም ነበር። ዚበርን ግን ዛሬ ማን ያውቀዋል?

ሲንጀር ጥሩ ሰው ነበር ማለት ይከብዳል። ያጠጋጋት መኪና ግን ብዙ ጥሩ ሰዎችን አብልታለች። ስሙ መኪናው ላይ ተጻፈ፤ ከኋላ ሆነው እየረገጡ ልጆቻቸውን ያስተማሩት እናቶችና አባቶች ስም ግን የትም አልተጻፈም።

እናንተስ? በእግር መኪና ያደጋችሁ አላችሁ? አሁን ያገለገለ መኪና የገዛችሁ ካላችሁ የት አገኛችሁት፣ ምን አይታችሁ ገዛችሁ? ለሌሎች እንዲጠቅም ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ስፌት ልጀምር ብሎ ብር እያጠራቀመ ላለ ጓደኛችሁ ደግሞ ሼር አድርጉለት።